የስንሻው ሁለት ወገን እንግዶች

ሰው ምሳሌ ሲሰማ አንስቶ ይሄዳል እንጂ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አሁን ታሪኩን የማወጋችሁን አባባል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሥራ ደራርቦ የያዘ ሰው ባያችሁ ቁጥር ካፋችሁ ይወጣል። በሰሜን ተራሮች ሥር ያሉ ሰዎች ግን ይህ አባባል ባለቤት አለው ይላሉ። ባለቤቱም ስንሻው የሚባል መንገድ መሪ ነው።

ስንሻው የገደባምባ ሰው ነበር። ገደባምባ ከተራራው ወገብ ላይ የተቀመጠች ትንሽ መንደር ናት። ከሷ በላይ የአስታ ጫካ፣ ከአስታው በላይ ጓሳ የለበሰ ሰፊ ሜዳ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ዓይን የማያዳርሰው ገደል አለ። ወደ ላይ የሚወጣ መንገደኛ ሁሉ ገደባምባ ያድርና መሪ ይጠይቃል። ያለ መሪ ደፍሮ የሚወጣ የለም፤ መንገዱ ገደል አፋፍ ድረስ ይወስድና እዚያው ይጠፋል፣ ጉሙም ሲመጣ "ልግባ ወይ" አይልም።

የአገሩ ልማድ አንድ መሪ ለአንድ ወገን ነበር። መሪው ያን ቀን የእንግዶቹ ሰው ነው። ሲደክማቸው አብሮ ይቀመጣል፣ ሲጠይቁት ይመልሳል፣ ሊያዩ የመጡትን አሳይቶ በሰላም ቤት ያስገባቸዋል። ስንሻው በዚህ የተመሰገነ ነበር። እግሩ ፈጣን፣ ጨዋታው የሚጥም፣ ሰው ወዳድ። አንድ ነገር ብቻ አይሆንለትም፤ ሰው ፊት ቆሞ "እምቢ" ማለት።

መስከረም ሊያልቅ ሲል አንዲት አሮጊት በበቅሎ ሆነው ከቆላ መጡ። እማማ ዘይነባ ይባላሉ። በቅሎዋን የምትስበው ልጃቸው ፋጡማ ነበረች።

"የተወለድኩት እላይ ጓሳው ላይ ነው" አሉት ለስንሻው። "በልጅነቴ ቆላ ዳሩኝ፤ ከዚያ ወዲህ ተመልሼ አላየሁትም። አሁን ዓይኔ እየደከመ ነው። ጨርሶ ሳይጨልምብኝ ከእናቴ ጋር ውሃ የምቀዳበትን ምንጭ ልየው፣ ከውሃውም ልጠጣ። ቀስ ብለህ ትወስደኛለህ፣ ልጄ?"

"እንደ እንቁላል ይዤ ነው የምወስድዎት፣ እማማ" አለ ስንሻው። ከልቡ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች ከጎንደር ደረሱ። ታላቁ ገዛኸኝ፣ ታናሹ ቢያድግልኝ ይባላል። ፈረስ ነጋዴዎች ናቸው፤ ስለ ዋልያ ብዙ ሰምተው በዓይናቸው ሊያዩ ከመንገዳቸው ወጥተው የመጡ ናቸው።

"ለነገስ እንግዳ አለኝ" አላቸው ስንሻው።

"የት ልትወስዳቸው ነው?" አለ ገዛኸኝ።

"ጓሳው ላይ።"

"ዋልያውስ የት ነው የሚገኘው?"

"ከጓሳው ወዲያ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ።"

"ታዲያ አያ ስንሻው፣ ተራራው አንድ፣ መንገዱ አንድ! እነሱን ስትመራ እኛ ብንከተልህ ምን ይጎድልብሃል? የድካምህን እነሱም እኛም እንክስሃለን። ብቻ ዋልያው ሳይገባ በጠዋት አድርሰን።"

ስንሻው እምቢ ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን "እሺ" ነው።

ሚስቱ አስካለ ይህን ሰምታ ተገረመች። "ሴትዮዋ ቀስ በል አሉህ፤ እነዚህ ፍጠን አሉህ። እንዴት አድርገህ ልታስማማቸው ነው?"

"እግሬን ታውቂው የለም እንዴ?" አለና ሳቀ። "ለሁለቱም እደርሳለሁ።"

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሡ። ሰማዩ ጠርቶ ነበር። መጀመሪያ ላይ ስንሻው ከበቅሎዋ ጎን እየሄደ እማማ ዘይነባን ሲያጫውት፣ መንገዱ ለሁሉም የተመቸ መሰለ።

"ይሄ የሚሸተኝ ጦስኝ ነው?"

"ጦስኝ ነው፣ እማማ። በቅሎዋ እየረገጠችው ነው።"

"ቆም አድርጋት እስቲ። ጅብራውስ ይታያል?"

"ያውና ከፊታችን። አንዱ አበባውን እንደ ጦር አቁሞታል፣ ከሰው ቁመት ይበልጣል።"

አሮጊቷ ፈገግ አሉ። "በልጅነታችን ከሥሩ ድብብቆሽ እንጫወት ነበር" ብለው ወሬ ሲጀምሩ ግን ገዛኸኝ ከፊት ሆኖ ተጣራ።

"አያ ስንሻው! ፀሐይ ወጣች እኮ!"

ስንሻው ወደ ፊት ሮጠ። ወንድማማቾቹን ትንሽ መንገድ አስኬደና ደግሞ ወደ ኋላ ሮጠ። እማማ ዘይነባ የጀመሩትን ወሬ ትተውታል። "ምን እያሉኝ ነበር?" ቢላቸው "ምንም አይደል፣ ልጄ፤ ሰዎችህ ይጠሩሃል" አሉት። እንዲህ ሲመላለስ ጓሳው ሜዳ ላይ ወጡ። መንገዱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ምንጩ፣ አንዱ ወደ ገደሉ አፋፍ።

ስንሻው መንታው ላይ ቆሞ አሰበ። ከዚያ ፋጡማን "እዚሁ ትንሽ ጠብቁኝ። እነዚህን አድርሼ አሁን እመጣለሁ" አላት።

ገደሉ አፋፍ ሲደርሱ ፀሐዩ ጠንክሯል፤ ዋልያው ግጦሹን ጨርሶ ወደ ገደሉ ወርዷል። ቢያድግልኝ አፋፉ ላይ ተንበርክኮ ቁልቁል ቢያይ ድንጋይ ብቻ ነው።

"ለአሮጊት ስንቆም አመለጠን" አለ በንዴት።

"ተመልሶ ይወጣል፤ እዚሁ ተቀመጡ። ከዚች ድንጋይ እንዳታልፉ፣ አደራ" አለና ስንሻው ወደ መንታው ገሠገሠ። ገና እኩሌታ ሳይደርስ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ እንደ ነጭ ጎርፍ ሜዳውን አለበሰው። የገዛ እጁ እንኳን በቅጡ አይታየውም። መንታው ላይ ሲደርስ በቅሎም ሰውም የለም።

"ፋጡማ!" ብሎ ጮኸ። "እማማ!"

ከሩቅ፣ ከማይጠብቀው አቅጣጫ፣ የሴት ድምፅ መለሰለት። ወዲያው ደግሞ ከኋላው፣ ከገደሉ በኩል፣ "ስንሻው! ኧረ ስንሻው!" የሚል የወንድ ጩኸት መጣ። ቢያድግልኝ ነው፤ ድምፁ የደህና ሰው ድምፅ አልነበረም።

ስንሻው አንድ እርምጃ ወደ ጩኸቱ ሄደ፤ ቆመ። ዞሮ ወደ ሴቷ ድምፅ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ደግሞ ቆመ። ያ የተመሰገነ እግሩ መሬት ላይ ተተከለ። በተራራው ላይ ኖሮ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም፤ የፈራው ግን ጉሙን አልነበረም። ወደ አንዱ ቢሄድ የሌላውን ነፍስ ትቶ መሄዱ ነው።

በመጨረሻ "ቃሌን መጀመሪያ የሰጠሁት ለእሳቸው ነው" አለና ወደ ሴቷ ድምፅ ሮጠ።

ፋጡማ ብርዱ ሲጠናባት፣ እናቷም ሲንቀጠቀጡ ስታይ፣ የውሃ ድምፅ የሰማች መስሏት ወደዚያ ስባቸው ነበር። ውሃው ግን ምንጩ አይደለም፤ ወደ ገደል የሚወረወር ፏፏቴ ነው። ስንሻው ሲደርስ በቅሎዋ አራት እግሯን ተክላ ቆማለች፤ ፋጡማ ልጓሙን ይዛ ታለቅሳለች፤ እማማ ዘይነባ ኮርቻው ላይ ጸጥ ብለው ተቀምጠዋል።

"ልትመታት ስትል ተያት አልኳት" አሉ። "በቅሎ ያለ ነገር እምቢ አትልም።"

ስንሻው አንዲት ጠጠር አንሥቶ ወደ ፊት ወረወረ። ስታርፍ አልተሰማም።

ወሬ ሳያበዛ ልጓሙን ያዘና ከአፋፉ መልሶ፣ እዚያው ጓሳው ላይ ወዳለች ሌላ ትንሽ መንደር ወሰዳቸው። የመንደሯ ሽማግሌ ሼህ እንድሪስ ቤት እሳት አጠገብ አስቀምጧቸው "ሰው ስጡኝ፣ አፋፉ ላይ ሰው አለኝ!" ሲል የመንደሩ ወንዶች ጠፍር ይዘው ተከተሉት። እየተጣሩ ገዛኸኝን አገኙት፤ ድንጋዩን አቅፎ ተቀምጧል። ቢያድግልኝ ግን ስንሻው ሲዘገይበት ልፈልገው ብሎ ተነሥቶ፣ እርጥብ ሣር አንሸራቶት ከአፋፉ ወርዷል። ከታች የአስታ ቁጥቋጦ ይዞት ነበር። በጠፍር ጎትተው ሲያወጡት ነፍሱ አለች፤ ቁርጭምጭሚቱ ግን ተሰብሯል። ተሸክመው መንደር አስገቡት። ያን ቀን ምንጩንም ያየ፣ ዋልያውንም ያየ አልነበረም።

ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ ስንሻው አሮጊቷ ፊት ቆመ። አንገቱን ደፍቶ "ዛሬ ከእርስዎ በቀር ሰው የለኝም፤ ከፈቀዱልኝ" አለ። እማማ ዘይነባ እጃቸውን ዘረጉለት።

ቀስ ብለው ሄዱ። አንድ ጅብራ ጋ ሲደርሱ ወርደው ግንዱን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ የድብብቆሹንም ወሬ እስከ መጨረሻው ነገሩት። ሲደክማቸው ተቀመጠ፣ ሲነሡ ተነሣ። ከምንጩ ሳይደርሱ እማማ ዘይነባ "ዝም በሉ" አሉ። አዳመጡና "ድምፁ ነው። እናቴ እንስራውን ስታጠልቀው እንዲህ ነበር የሚለው" አሉ። ተንበርክከው በሁለት እጃቸው ጨልፈው ጠጡ። ቀና ሲሉ ጉንጫቸው ርሶ ነበር፤ ከውሃው ይሁን ከእንባው ስንሻው አልለየም፤ አልጠየቀምም።

እዚያው ቁጭ ብለው ፀሐይ ሲሞቁ ፋጡማ ድንገት የስንሻውን እጅጌ ሳበች። ከማዶ፣ ከምንጩ በላይ ባለው ዓለት ላይ፣ አንድ ትልቅ ዋልያ ቆሞ ነበር። የሚጣራ፣ የሚሮጥ ስለሌለ ወደ ጓሳው ወርዶ ይግጥ ጀመር።

"ምንድን ነው ያያችሁት?" አሉ አሮጊቷ።

ስንሻው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የቀንዱን ቅስት፣ የጢሙን ጥቁረት፣ አረማመዱን፣ አንድ ሳያስቀር ነገራቸው። እማማ ዘይነባ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። "አየሁት" አሉ።

ሲመለሱ ግን ነገር ይጠብቀው ነበር። ገዛኸኝ ሼህ እንድሪስ ዘንድ ክስ አቅርቧል፤ ሽማግሌው የመንደሩን ሰው ሰብስበው ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። ቢያድግልኝ እግሩ በቀርከሃ ታስሮ ቁርበት ላይ ተጋድሟል።

"እዚህ ቆዩ ብሎን ጥሎን ሄደ" አለ ገዛኸኝ። "ወንድሜን ለጥቂት አጣሁት።"

"እኛንም እዚህ ቆዩ ነው ያለን" አለች ፋጡማ።

ሼህ እንድሪስ ወደ እማማ ዘይነባ ዞሩ። "እርስዎስ ምን ይላሉ?"

"እኔ ቂም የለኝም" አሉ እማማ ዘይነባ። "ግን እውነቱን ልንገረው። ስንሻው፣ ልጄ፣ ዛሬ ከእኔ ጋር ነበርክ። ትናንት ግን ከእኔም ከእነሱም አልነበርክም፤ መንገድ ላይ ነበርክ።"

ከጩኸቱም ከክሱም ይልቅ ይህች ቃል ስንሻውን ወጋችው።

ሼህ እንድሪስ ፈረዱ። ስንሻው የቢያድግልኝ እግር እስኪጠገን ቤቱ ወስዶ ያስታምመው፤ ሲድንም ሁለቱን ብቻቸውን ወስዶ ዋልያውን ያሳያቸው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በዚያ ተራራ አንድ መሪ በአንድ ቀን ሁለት ወገን አይያዝ። ሁሉም "ደግ ፍርድ ነው" አለ፤ ገዛኸኝም ተነሥቶ የስንሻውን ትከሻ ነካ።

ስንሻው ፍርዱን በደስታ ተቀበለ። አንድ ነገር ብቻ ከውስጡ አልወጣ ብሎት ቀስ ብሎ ተናገረ።

"ክፋት አስቤ አይደለም፣ አባቴ። እግሬ ፈጣን ነው፣ ለሁለቱም እደርሳለሁ ብዬ ነው።"

ሽማግሌው የስንሻውን እግር አዩት፤ ከዚያ ፊቱን አዩት፤ በሐዘኔታም ፈገግ ብለው እንዲህ አሉት፦ "ልጄ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።"