የጌታው ኑርሁሴን የአውፍታ ድግስ

ግንቧ ከማርጀቱ የተነሳ ድመት ስትዘልበት አቧራ የሚተፋ አንዲት የቆየች ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ሸህ ጦይብ የሚባሉ አላህን ፈሪ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ቀን ቀን የግመል መጫኛ ይገምዳሉ፤ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ቁርዓን ያስቀራሉ። መጫኛቸው ተበጥሶ አያውቅም። አንድ ግመል በስህተት ከተራራ ጋር አስረውት ተራራውን እየጎተተ ገበያ ገባ ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ገበያው መሀል ያለው ጉብታ ግን ከየት መጣ?

መጫኛቸውን የሚወስደው የከተማዋ ትልቁ ንግድ ቤት ነው። ባለቤቱ ጌታው ኑርሁሴን ቅቤውን፣ ማሩን፣ ቆዳውን ከየአቅራቢው ሰብስበው በግመል ወደ ባህር ይልካሉ። የዚህ ቤት ነገር ከጅምሩ አይጥመኝም። በሩ ዕቃ ሲገባበት ግመልን ከነጭነቱ ያሳልፋል፤ ብር ሲወጣበት ጉንዳን እንኳ ጎኗ ይላጣል። ዕቃውን የሚረከበው አንድ ሰው ነው። መድረሱን የሚመሰክረው ሌላ፣ ይከፈል የሚለው ሌላ። የብር ሳጥኑን ቁልፍ የያዘው ደግሞ ሁልጊዜ ቆላ ወርዷል። ይህን ቁልፍ ያዥ በዓይኑ ያየው ሰው የለም። እኔማ ጨርሶ መወለዱንም እጠራጠራለሁ።

ከአቅራቢዎቹ አንዷ ሩቅያ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት ቅቤ ነጋዴ። ቅቤውን ከከብት አርቢዎች በዱቤ ስትወስድ ቤቷን መያዣ አድርጋለች። ጨረቃዋ ሳታልቅ ካልከፈለች ቤቷን ይወስዱታል። ቅቤው ተሽጦ ባህር ከተሻገረ ሰንብቷል፤ ሩቅያ ግን አሁንም ከንግድ ቤቱ ደጃፍ ናት።

በዚህ መሀል ጌታው ኑርሁሴን ሐጅ ሊሄዱ ነው ተባለ። በዚያ ዘመን ሐጅ የሄደ ሰው የሚመለሰው ዓመት ቆይቶ ነው፤ ከተመለሰም። ወደ ሐጅ የሚሄድ ሰው ደግሞ የበደለውን ሁሉ «አውፍ በሉኝ» ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል። ልማዱ መልካም ነው። ጌታው ለዚህ ሲሉ አቅራቢዎቹንና አብረዋቸው ሐጅ የሚሄዱትን በሙሉ ለጁምዓ ምሳ ጠሩ። የታረደው ሙክት ላቱ መሬት ይጠርግ ነበር። ያን ጊዜ ነው ይበልጥ የጠረጠርኩት። ለዓመታት ውሃ ያላቀመሰህ ቤት ላት ሲያጎርስህ፣ ከጉርሻው ጋር የምትውጠው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ጌታው ራሳቸው ሸህ ጦይብ ቤት መጡ።

«ሸኽዬ፣ የርስዎ ነገር ይለያል» አሉ፣ ከረጢት ከወገባቸው እየፈቱ። «የመጫኛውን ይኸው። ነገ ዱዓውን እርስዎ ይምሩልኝ። እርስዎ አውፍ ካሉ ሌላውም ይከተላል።»

«ቁልፍ ያዡ ከቆላ ተመለሰ እንዴ?» አሉ ሸህ ጦይብ።

ጌታው ሳል ያዛቸው።

«የሩቅያስ?»

«የሷ በተራው ይደርሳል።»

«እንግዲያው የኔም በተራው ይድረስ። ከሷ ኋላ ነው ያስረከብኩት።»

ጌታው ከረጢታቸውን ይዘው ወጡ። የሸሁ ባለቤት ከጓዳ ሆነው «ለራት መጫኛ ልቀቅልልዎት?» አሉ።

«ጨው አታብዢበት» አሉ ሸሁ።

ጁምዓ ተሰገደ፤ ምሳው ተበላ። አንዱ ቆዳ አቅራቢ ከጥጋቡ ብዛት ሲተነፍስ መጋረጃው ይውለበለብ ነበር። ያኔ ጌታው ኑርሁሴን ብድግ ብለው አለቀሱ። እንባቸው ጢማቸውን አልፎ ምንጣፉን አራሰ።

«ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ለአላህ ስትሉ አውፍ በሉኝ። ያለብኝን ሁሉ ተዉልኝ።»

በሰው ፊት፣ በጠገበ ሆድ፣ ለሑጃጅ ማን እንቢ ይላል? «አውፍ ብለናል» አለ ቤቱ በሙሉ። ሩቅያም በነጠላዋ አፏን ሸፍና እንደ ሌላው አለች። ቤቷን በገዛ ምላሷ አስረከበች።

የሸህ ጦይብ እጅ ግን ለዱዓ አልተነሳም።

«ሸኽዬ፣ ቅር ያለዎት ነገር አለ?» አሉ ጌታው።

«ኑርሁሴን ልጄ፣ እኔ የምፈራው ላንተ ነው። እነዚህ ሰዎች ከልባቸው ይሁን ከይሉኝታ በምን ታውቃለህ? የሰው ሐቅ ተሸክመህ ካዕባን ልትዞር ነው።»

«ሰምተዋቸዋል እኮ። ሁሉም አውፍ ብለውኛል።»

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲያው ቀላል ነው። የየአንዳንዱን ሒሳብ በእጁ አስይዘው። ከልቡ የተወልህ እዚሁ ይመልስልሃል። አንተም ልብህ አርፎ ትሄዳለህ።»

አብረዋቸው የሚጓዙት ሑጃጆች ሁሉ «ልክ ነው» አሉ። ጌታው መውጫ አጡ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ቆላ የወረደው ቁልፍ ከጌታው ኪስ ወጣ። ለየሰዉ ጠገራ ብሩ ታደለ። አሁን ማን ይመልሳል ተብሎ ተጠበቀ። ዝንቦቹ እንኳ ቆመው ነበር የሚያዩት።

ሩቅያ ብሯን መቀነቷ ላይ ቋጠረች፤ አጥብቃ አሰረች። «ጌታው፣ አላህ መንገድዎን ያቅናልዎት» ብላ ቀጥ ብላ ወደ አርቢዎቹ ሄደች። ሌላውም በየተራ እየመረቀ ወጣ። የመለሰ የለም። መጨረሻ ላይ ያ ቆዳ አቅራቢ ከበር ተመለሰ። የጌታው ፊት በራ።

«ይቺ አንዷ ሸራፋ ናት» አላቸው፣ «ትቀየርልኝ።»

ተቀየረችለት። ሸህ ጦይብ የራሳቸውን ከሁሉም በኋላ ተቀበሉና ያን ጊዜ ሁለት እጃቸውን ለዱዓ አነሱ።

«ያመላለስከንን አውፍ ብዬሃለሁ፤ እሱ የኛ ፋንታ ነው። ሐቃችንን መስጠት ግን ያንተ ፋንታ ነበር» አሉ።

ወገኖቼ፣ ይህን የማወራችሁ ለሳቅ ብቻ አይደለም። ዛሬ ትልልቁ ድርጅት ሙክት አያርድም፤ አቅራቢዎቹን ሆቴል ጠርቶ «አጋሮቻችን» ይላል፣ ካላንደር ያድላል፣ የምስጋና ወረቀት በመስታወት አድርጎ ይሸልማል። የዕቃው ደረሰኝ ግን ፊርማ ይቀረዋል፤ ፈራሚው ስብሰባ ነው፤ ማህተም ያዡ ፊልድ ወጥቷል። አቅራቢው በተበደረው ብር ያመጣው ዕቃ ተሽጦ አልቋል፤ እሱ ግን በሰው ፊት ስለተመሰገነ ልጠይቅ ሲል ያፍራል። ሸህ ጦይብ ያስተማሩን ይህንን ነው፦ በይሉኝታ የተወሰደ ይቅርታ ሐቅን አያወርድም። ያለብህን ካወቅክ የምስጋናውን ንግግር አቆየውና መጀመሪያ ኪስህን ፈትሽ፤ ቆላ ወረደ ያልከው ቁልፍ እዚያው ሊሆን ይችላል።