ሳይገባቸው «ገባኝ» የማይሉት ሴትዮ

አንድ አቤኔዘር የሚባል የአብራሪነት ሰልጣኝ ነበረ፤ ወይዘሮ ደብሪቱን በገዛ ግቢያቸው፣ በተከራዮቻቸው ሁሉ ፊት ያዋረዳቸው እሱ ነው።

ወይዘሮ ደብሪቱ የአብራሪዎች ማሰልጠኛ ባለበት ከተማ ቤት የሚያከራዩ ሴት ናቸው። ፊደል ቆጥረዋል፣ ከዚያ አላለፉም፤ ይህን ደፍሮ የሚነግራቸው ግን አልነበረም። አብራቸው የምትኖረው የልጅ ልጃቸው ትርሲት እዚያው ማሰልጠኛ ትማራለች። የጽሑፍ ፈተናውን አንዴ ወድቃለች። ዳግመኛ ከወደቀች ትሰናበታለች፤ መብረር የሚባል ነገር አበቃ ማለት ነው።

ሰልጣኞቹ ሁሉ የሚያጠኑት ከአንድ የጥያቄ ባንክ ነው። ጥያቄው ከነመልሱ ስልካቸው ላይ ይመጣል፤ አራት ምርጫ፣ አንዱ እውነት። አቤኔዘር ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ መልሱን ይጠራል። «ማሰብ ጊዜ መግደል ነው» ይላል። ትርሲትም እሱን አይታ እንደዚያው ታደርግ ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ደብሪቱ አጠገቧ ተቀምጠው ጎመን ሲቀነጥሱ፣ «አሁን ያነበብሽው ምንድን ነው?» አሏት።

«ሜዳው ከፍተኛ ቦታ ላይ ሆኖ ቀኑ ሲሞቅ፣ አውሮፕላኑ ለመነሳት የሚሮጠው ርቀት ይረዝማል፣ እቴቴ።»

«ለምን ይረዝማል?»

«መልሱ ነዋ!»

«መልስ መሆኑንማ ነገርሽኝ። እኔ ለምን ነው ያልኩሽ።»

ትርሲት ስልኳን ደግማ አየችው። ይኼኔ አቤኔዘር እዚያው ግቢ ከተከራየው ክፍል ደጃፍ ሆኖ ሳቁን ለቀቀው። «ለማዘር ነው የምታስረጂው? አውሮፕላን ግቢያቸው ቢያርፍ ጥሬ የሚበትኑለት ሰው እኮ ናቸው!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ደብሪቱ ፊታቸው ጠቆረ።

«ሳቅ፣ ጥርስህ አይለቅ» አሉት። «እኔ ያልገባኝን ገባኝ ብዬ አላውቅም። አንተስ?» ወደ ልጅቱም ዞረው፣ «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ገባኝ ሳልል ወደሚቀጥለው ጥያቄ አታልፊም። የቀሩት ሦስቱ ምርጫዎች ለምን ውሸት እንደሆኑም ትነግሪኛለሽ» አሏት።

ልጅቱ አበሳዋን አየች። መጽሐፍ ትገልጣለች፣ አስተማሪ ጠይቃ ትመጣለች፣ ታስረዳለች። እሳቸው «አልገባኝም» ይላሉ። ደግማ ትሞክራለች። «አሁንም አልገባኝም። ቃል አትደርድሪብኝ፣ ንገሪኝ!»

በመጨረሻ፣ «አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ ከፍታ ላይም ይሳሳል» አለቻቸው። «ክንፉን ደግፎ የሚያነሳው አየሩ ነው። ሲሳሳ አቅም ያጣል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ይበልጥ መፍጠን፣ ብዙ ርቀትም መሮጥ አለበት።»

«እንዲህ አትይም ታዲያ! ገባኝ!» አሉ። ልጅቱ ራሷም የገባት ያን ጊዜ ነው።

በየጥያቄው እንዲሁ ሆነ። አቤኔዘር ባንኩን እየደጋገመ ጨርሶ፣ «ኤሊዋ የት ደረሰች?» እያለ ያሾፍባት ነበር።

የፈተናው ቀን ያው ጥያቄ መጣ። ፈተና አውጪው ግን ሜዳውን ዝቅ፣ ቀኑን ቀዝቀዝ አድርጎታል። አቤኔዘር «ለመነሳት የሚሮጠው ርቀት» የሚለውን እንዳየ እጁ ወደለመደው ሄደ፤ ይረዝማል። ትርሲት አያቷን ፊቷ ያስቀመጠች ይመስል በልቧ አስረዳቻቸው፤ ያጥራል። የቀሩትም ጥያቄዎች አብዛኞቹ እንዲሁ መልካቸውን ቀይረው ነው የመጡት።

ውጤቱ ሲነገር ትርሲት ከሁሉ በልጣ አለፈች። አቤኔዘር ወደቀ። ወይዘሮ ደብሪቱ እልልታውን አቀለጡት፤ ጎረቤት ሰርግ መስሎት ወጣ።

«እቴቴ ቀስ በይ፣ አቤኔዘር ይሰማል!»

«ይስማ! እኔ የሱን ሳቅ ሰምቼለት የለ!»

የጥያቄ ባንኩ ጥፋት የለበትም፤ ልጅቱን ያሳለፈውም ልጁን የጣለውም እሱው ነው። መልስ የሚሸመድድ ሰው የሚያውቀው ትናንት የተጠየቀውን ብቻ ነው። ሰማይ ላይ ደግሞ ችግር ሲመጣ አራት ምርጫ ይዞ አይመጣም። እናንተስ፣ «ገባኝ» ብላችሁ ካለፋችሁት ውስጥ ለሌላ ሰው ማስረዳት የምትችሉት ስንቱን ነው?

አቤኔዘር ገና አንድ የፈተና ዕድል ነበረው። በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ ደብሪቱ በርጩማቸውን አንጠልጥለው ሄዱና በሩን ደበደቡት። ዓይኑ አብጦ ከፈተ።

«እማማ ደብሪቱ… ያኔ ለተናገርኩት… ይቅርታ…»

በርጩማቸውን የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጠው ቁጭ አሉ።

«ይቅርታው ይደርሳል። መጀመሪያ ጥያቄህን አንብብ።»