አልገጥም ያለው የአንጁሎ ቁስል

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ የቸኮለ ይለፈኝ።

አንጁሎ የሚባል ሸማኔ ነበር። ተረከዙ ቆሰለና አልድን አለ። ሐኪሙ አይቶ፣ «እስከ ቀጠሮህ ካልገጠመ እግርህ ይቆረጣል» አለው። ሸማኔ ያለ እግር መርገጫውን በምን ይረግጣል? አንጁሎ ፈራ፤ እንቅልፍ አጣ።

«አንተ ቁስል፣ እባክህ ግጠምልኝ» አለ።

«የቆዳ ሕዋስ ሳትባዛ በምን ልግጠም?»

ሕዋስን «ተባዢልኝ» አላት። «ደጄ ሳይከፈት አልባዛም» አለች። ሕዋስ አልባዛም አለች፣ ቁስል አልገጥም አለ፣ ቀጠሮው ቀረበ።

ደጁን «ተከፈት» አለው። «የዕድገት መልእክተኛ ሳያንኳኳ አልከፈትም» አለ። ደጅ አልከፈትም አለ፣ ሕዋስ አልባዛም አለች፣ ቁስል አልገጥም አለ፣ ቀጠሮው ቀረበ።

መልእክተኛውን «አንኳኳ እንጂ» አለው። «የሕዋስ ጸጉር ይዞ ደጁ ላይ ካላቆመኝ እንዴት ላንኳኳ?» አለ። ሕዋስ ገላዋ ላይ ከስኳር የተሠራ ጸጉር አላት፤ አላፊውን መልእክተኛ ለቀም አድርጎ የሚያስጠጋው እሱ ነው። መልእክተኛ አላንኳኳም አለ፣ ደጅ አልከፈትም አለ፣ ሕዋስ አልባዛም አለች፣ ቁስል አልገጥም አለ፣ ቀጠሮው ቀረበ።

ጸጉሩን «ምነው አትይዘውም?» አለው።

«መች አስበቀልከኝ? በየማለዳው በጨውና በብሩሽ የምትፍቀኝ አንተ አይደለህ? መፋቁን ተው፣ እይዛለሁ።»

«ቁስል ካልተፋቀ አይደርቅም፣ ካልደረቀ አይድንም» አለ አንጁሎ። «ሲገጥም እተዋለሁ።»

እንግዲህ ጉድ በሉ። አንጁሎ መፋቅ አልተውም አለ፣ ጸጉር አልይዝም አለ፣ መልእክተኛ አላንኳኳም አለ፣ ደጅ አልከፈትም አለ፣ ሕዋስ አልባዛም አለች፣ ቁስል አልገጥም አለ፤ ቁስል ካልገጠመ ደግሞ አንጁሎ አይተውም። ግትርን ማን ይመክረዋል? ዛሬ ነገ ሲባል ቀጠሮው ሊደርስ ነው።

ሚስቱ ማጌ ብሩሹን ከእጁ ነጥቃ እሳት ውስጥ ጨመረችው።

«አንተ ሰውዬ፣ እግርህን እየቆረጥክ ያለኸው አንተው ነህ» አለችና አለቀሰች። «ሐኪሙ ሊቆርጥ ቢቀጥርህ፣ አንተ ቆረጣውን ጀመርክለት።»

የሐኪሙ ነርስ የሰጠቻትን እርጥብ ፋሻ አሰረችለት። አንጁሎ እንባዋን አይቶ ፋሻውን አልፈታም፤ ሲያሳክከውም ጥርሱን ነከሰ።

አንጁሎ መፋቅ ተወ፣ ጸጉር በቀለ። ጸጉር መልእክተኛን ያዘ፣ መልእክተኛ ደጅ አንኳኳ፣ ደጅ ተከፈተ፣ ሕዋስ ተባዛች፣ ቁስል ቀስ በቀስ ገጠመ።

በቀጠሮው ቀን አንጁሎ ሐኪሙ ዘንድ ገባ። ሐኪሙ ቀና ሳይል፣ «ቃሬዛው ላይ አስተኙት» አለ።

«አይ ዶክተር» አለ አንጁሎ፣ «እግሬ ራሱ ነው ይዞኝ የመጣው። አልቆረጥም ብሏል።»