በሩ እምቢ ያለበት እሑድ

በር ማለት፣ ከግድግዳ ወገን ሆኖ ሳለ ሐሳቡን መለወጥ የተፈቀደለት እንጨት ነው። ግድግዳ እምቢ ቢል ሥራው ስለሆነ አይፈረድበትም። በር እምቢ ሲል ግን አንድ ሰው ውጭ ቆሟል ማለት ነው።

በአንድ የሐምሌ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በአንጓች ደጃፍ ላይ የቆመው ከወንዝ ማዶ የመጣ ሽማግሌ ነበር። ዝናቡ ይወርድበታል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

«ቤቶች! የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አስጠጉኝ።»

«መጣሁ አባቴ!» አለች አንጓች። ማን እንደሆነ አልጠየቀችም። የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ሰውየውን አስገብታ እግሩን ማጠብ።

«ተከፈት» አለችው በሩን።

«አልከፈትም» አለ በሩ። «መጀመሪያ ዋስ ይጥራ።»

«ቆይ አሳይሃለሁ!» ብላ ወደ መጥረቢያው ሄደች። «መጥረቢያ፣ መጥረቢያ፣ በሩን ፍለጠው፤ በሩ አልከፈትም ብሏል፤ እንግዳው ደጅ ቆሟል።»

«አልፈልጥም» አለ መጥረቢያው። «ዛቢያዬና በሩ ከአንድ ግንድ የተጠረቡ ናቸው። ለማላውቀው ሰው ብዬ ከዘመድ ልጣላ?»

ወደ እሳቱ ዞረች። «እሳት፣ እሳት፣ ዛቢያውን አቃጥለው፤ መጥረቢያው በሩን አልፈልጥም ብሏል፤ በሩ አልከፈትም ብሏል፤ እንግዳው ደጅ ቆሟል።»

«አላቃጥልም» አለ እሳቱ። «የማዶ ሰው የራሱ እሳት የለውም?»

ሽማግሌውን ውጭ አሳለው። «እሜቴ፣ ካስቸገርኩ ልሂድ።»

«ከዚያች ንቅንቅ እንዳይሉ!» ብላ ወደ ጋኑ ሮጠች። «ውሃ፣ ውሃ፣ እሳቱን አጥፋው፤ እሳቱ ዛቢያውን አላቃጥልም ብሏል፤ መጥረቢያው በሩን አልፈልጥም ብሏል፤ በሩ አልከፈትም ብሏል፤ እንግዳው ደጅ ቆሟል።»

«አላጠፋም» አለ ውሃው። «ሰንበት ነው። በሰንበት አልሠራም።»

ባሏ አየነው መደቡ ላይ ተጋድሟል። «አንተ አየነው፣ ተነሥና ውሃውን ድፋው፤ ውሃው እሳቱን አላጠፋም ብሏል፤ እሳቱ ዛቢያውን አላቃጥልም ብሏል፤ መጥረቢያው በሩን አልፈልጥም ብሏል፤ በሩ አልከፈትም ብሏል፤ እንግዳው ደጅ ቆሟል!»

«አልደፋም» አለ አየነው። «ይልቅ ምሳ አቅርቢ።»

«ዛሬ ቄሱ እንግዳ ስለ መቀበል ሲሰብኩ ራሱን ሲነቀንቅ የነበረው ማን ነው?»

«እሱማ ጌታ በእንግዳ ተመስሎ ሲመጣ ነው።»

«ይኼኛው አለመሆኑን በምን አወቅህ? በሩን ሳትከፍት!»

«ጌታ ከወንዝ ማዶ አይመጣም።»

ከዚህ በኋላ አንጓች ማንንም አልለመነችም። ቀሚሷን ሰብስባ በመስኮት ወጣችና ከሽማግሌው ጎን ጭቃው ላይ ዘፍ አለች።

«እኔም የእግዜር እንግዳ ነኝ!» ብላ ጮኸች። «እሳቸው ካልገቡ አልገባም። ምሳህን ከበሩ ጋር ብላ!»

«ኧረ እሜቴ፣ ብርዱ...» አለ ሽማግሌው።

«ዝም ይበሉ አባቴ፤ እንግዳ አይከራከርም።»

አየነው ጠበቀ። ወጡ የት እንዳለ አያውቅም፤ ሞሰቡን ማን እንደሚያነሣውም አስቦ አያውቅም። ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ። አንጓች አልተነሣችም። አየነው ግን ተነሣ፤ ጋኑንም በሁለት እጁ ጨብጦ አዘነበለው።

«አትድፋኝ፣ እሳቱን አጠፋለሁ!» አለ ውሃው። «አታጥፋኝ፣ ዛቢያውን አቃጥላለሁ!» አለ እሳቱ። «አታቃጥለኝ፣ በሩን እፈልጣለሁ!» አለ መጥረቢያው። «ማነው አልከፈትም ያለው?» አለ በሩ፤ ወለል ብሎ ተከፈተ።

ሽማግሌው ገባ። አንጓች እግሩን አጠበች፤ ውሃውን ያሞቀው አየነው ነው።

እንግዳው ጌታ አልነበረም፤ ሸማኔ ነበር። ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላና በረዶው እስኪያባራ በአየነው ቦታ ተኛ።