እንቅልፉን ያባረረው ተማሪ

አንድ ተማሪ ነበረ። ቁጭ በልና ስማኝ ሚልኪያስ፤ ጠይቀኸኛል፣ መልሱን ሳትሰማ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አትልም! «አክስቴ፣ እስከ ፈተናው ብቻ እንቅልፍ ብተው ምን እሆናለሁ? ጓደኞቼ እንቅልፍ የሚያባርር ኪኒን አግኝተዋል» አላልከኝም? እንግዲህ መልሱ ይኸው ተማሪ ነው።

ከአንድ የድጓ መምህር ዘንድ ይማር ነበር። ድጓ የዓመቱ ዜማ ሁሉ ነው፤ በጥቁር ጠጉር ገብተው በሽበት የሚወጡበት ትምህርት ነው። ተማሪው ጎበዝ ነበር። ድምፁማ! ወይ ድምፅ! እሱ ሲያዜም ወንዝ የወረደች ሴት እንስራዋ ሞልቶ ሲፈስ አታውቅም ነበር።

መምህሩ ጥብቅ ሰው ነበሩ። ጀምበር ከጠለቀች አዲስ ትምህርት አይሰጡም። ጎህ ሲቀድ ተማሪውን ሁሉ ከየጎጆው ያወጡና ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙረው የትናንቱን ያስደግሙታል። የትናንቱ ሳይጸና የዛሬው አይነካም። ከዚያ ቁራሽ ልመና ነው፤ አኩፋዳቸውን አንግተው ከመንደር መንደር ይዞራሉ፣ እየተራመዱም ዜማውን በሆዳቸው ይሉታል። ሲመሽ መኝታ። «የኔታ እንቅልፍ ይወዳሉ» እያሉ ተማሪዎቹ ያሟቸው ነበር፤ ተማሪ ሐሜት መች ያጣል!

አንድ ቀን ይህ ተማሪ ጠየቃቸው። «የኔታ፣ ተኝቼ የማሳልፈውን ጊዜ ባጠናበት ቶሎ አልጨርስም?»

«ቤት ሲመረግ አይተሃል?» አሉት። «የመጀመሪያው ጭቃ ሳይደርቅ ሁለተኛውን ቢደርቡበት ምን ይሆናል?»

«ተላቆ ይወርዳል።»

«በል ሂድና ተኛ። ይድረቅ።»

እንዲህ ሲኖሩ በአንድ ሌላ ትልቅ ደብር የነበሩ የድጓ መምህር ሞቱ። «በበዓሉ ዕለት በሊቃውንት ፊት ቆሞ ሳይሰናከል ላዜመ ሰው የመምህርነቱን ወንበር እንሰጣለን» የሚል ወሬም መጣ። ተማሪው ልቡ ተነሣ። በዓሉ ቅርብ ነው፤ ያልያዘው ዜማ ደግሞ ገና ብዙ ነው። የመምህሩን ሥርዓት ንቆ ወደ አንድ ሥር ማሽ ሄደ። ሥር ማሹም አብሾ ሰጠው። አብሾ ማለት ትምህርት ይገልጣል እየተባለ ተማሪ በስውር የሚጠጣው የቅጠል መጠጥ ነው። የስንቱን አእምሮ እንዳዞረ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጠጣ። መጀመሪያማ እንዴት ጥሩ ነበር! እንቅልፍ የሚባል ጠፋ። የጠዋት ፀሐይ ዓይኑን ስለወጋው «አሞኛል» ብሎ ጎጆው ውስጥ ቀረ። ልመናውንም ተወው፤ አብሮት አንድ ጎጆ የሚያድረው ጓደኛው ለምኖ ያመጣለት ጀመር። መምህሩ ሲያልፉ እንዳይሰሙት አፉን በነጠላው አፍኖ ያጠናል፣ ያጠናል። ትናንት የያዘውን ግን አይደግምም፤ ጊዜ የለውማ!

በበዓሉ ዋዜማ ጓደኛው ከልመና ሲመለስ ተማሪውን ከቁልቋል አጥር ፊት ቆሞ አገኘው። እጅ ይነሣል፣ ያዜማል፣ መልሶ እጅ ይነሣል።

ጓደኛው በሳቅ ፈረሰ። «ምነው አያ ሊቁ! ቁልቋሉ ‹ይበል› አለህ እንዴ?»

«ዝም በል!» አለው ተማሪው። «አባቶች ቆመው አታይም?»

ጓደኛው ሳቁን ሳይጨርስ ዓይኑን አየው። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ሰፍቶ ጥቁር ጉድጓድ ሆኗል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በዚያ በጠራራ ፀሐይ ብርድ ብርድ አለው፤ ጓደኛውን ማለቴ ነው። ተማሪውማ ምን ብርድ አለበት! ደስ ብሎታል እኮ! የሚያስፈራውም እሱ ነው።

ወዲያው እንደ መንቃት አለና አጥሩንም ጓደኛውንም አየ። «ለየኔታ እንዳትነግርብኝ። እስከ በዓሉ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ እተኛለሁ።»

«እንቅልፍ እህል ነው እንዴ፣ በጎተራ የሚከተት?»

ተማሪው አልሰማውም። ለቁልቋሉ እጅ ነሥቶ ቀጥሏል። ጓደኛው ለመምህሩ ሊነግር ሮጠ፤ መምህሩ ግን ለበዓሉ ቀድመው ወደ ደብሩ ሄደው ነበር።

በዓሉ ደረሰ። ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ቆሙ፣ ሕዝቡ ግቢውን ሞላ። ተማሪው መካከል ገብቶ የመጀመሪያዋን ቃል አነሣ። ወይ ማማር! ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያችን ጨርሶ ሁለተኛዋን ሊያነሣ ሲል ሁለተኛዋ የለችም። ተመልሶ የመጀመሪያዋን አዜማት። አሁንም አማረች። እንደገና ያችኑ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። አሁንም ያችኑ። አንዲት ሴት ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበች። ተማሪው ማቆም አቃተው! ላቡ በአንገቱ ይወርዳል፣ ድምፁ ሻክሯል፣ አፉ ግን የሌላ ሰው አፍ ይመስል ያችኑ ቃል፣ ያችኑ ቃል ይላል።

«ጋኔን ነው፣ እሰሩት!» አለ አንዱ። «ግረፉት!» አለ ሌላው።

መምህሩ ተነሡ። የለበሱትን ጋቢ አወረዱና፣ እናት የተኛ ልጇን እንደምትሸፍን ከራሱ እስከ እግሩ ሸፍነው፣ ዐቅፈው ከመካከል አወጡት። ከጋቢው ውስጥ ያች ቃል ትሰማ ነበር።

ወደ ጎጆው ወስደው አጋደሙት። እንቅልፍ ግን አልመጣም። እንቅልፍ ኩሩ እንግዳ ነው፤ ሲያባርሩት ከርመው በጠሩት ሰዓት አይገባም። መምህሩና ጓደኛው እየተፈራረቁ ጠበቁት፤ ውሃ አጠጡት፣ ተነሥቶ ገደል እንዳይገባ ያዙት። በስንት መከራ ተኛ። ሲነቃ ጓደኛው ጎንበስ ብሎ፣ «እኔ ማን ነኝ?» አለው።

ተማሪው ትክ ብሎ አየው። «ቁራሽ የምታመጣልኝ ሰውዬ ነህ» አለ።

ስሙን አላወቀውም! ለዓመታት አንድ ጎጆ ያደሩ ሰዎች!

ወንበሩን ሌላ ሰው ወሰደው፤ ማን እንደሆነ እንጃ። ተማሪው ከሥሩ ጀመረ። ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ የትናንቱን ይደግማል፣ ቁራሹን ለምኖ ይመለሳል፣ ሲመሽ ይተኛል። ብዙው ተመለሰለት። ብዙው ነው ያልኩህ፣ ሁሉም አላልኩም። ሸምግሎ እንኳ እያዜመ ድንገት ቀጥ ይላል፤ በር ተዘግቶበት ደጅ እንደቀረ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ያን ጊዜ የሚሰማው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል።

እንግዲህ ልጄ፣ ተማሪው አንተ ነህ። አብሾው ኪኒኑ ነው፤ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ስለታሸገ ሌላ ስም አታውጣለት። መምህሩማ እኔ ነኝ እንዳልል፣ በምን ዕውቀቴ! መምህሩ የምትማርበት መጽሐፍ ነው። እዚሁ ቁጭ ብለህ «አክስቴ፣ አእምሮ ቀን የተማረውን የሚያደላድለው ስንተኛ ነው፣ በምርምር ታይቷል፤ ጠዋት ብርሃን እዪ፣ ተራመጂ፣ ስልክሽን ከአልጋሽ አርቂ» ያልከኝ አንተ አይደለህም? እኔማ ስልኬን ጓዳ እያሳደርኩ እንደ ግንድ ተጋድሜ ነው የማድረው! የጤና ተማሪው አንተ፣ ተኝታ የምታድረው አክስትህ፤ ይኼ ይገባል?

ፈተናውን ብትወድቅ ከርሞ ትፈተናለህ፤ እኔም አላፍርብህም። የምፈራው ሌላ ነው። ሰው ልቡ ሲጠፋበት ራሱ አይፈራም፤ የሚርደው አጠገቡ የቆመው ነው። አጠገብህ የቆምኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

አምጣው በል ያን ኪኒን። ይኸው እጄን ዘርግቻለሁ።