ቁልፍ እምቢ ያለው ጭራቅ

ተረት ተረት!

«የመሠረት!»

እንዲህ ነው እንጂ። አሁን ጠጋ ጠጋ በሉ። የሚፈራ ካለ የጎረቤቱን እጅ ይያዝ፤ ስደርስበት እኔም እደነግጣለሁና።

በድሮ ጊዜ በአንዲት የወንዝ ዳር መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ ብረት መወልወል ነበር። ማጭድ ቢዝግ፣ የበቅሎ ቃጭል ቢጠቁር፣ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ይሮጣል። ትብለጥ የምትባል አንድ ልጅ ነበረቻት። ከትብለጥ በቀር በዓለም ላይ ማንም አልነበራትም።

አንድ ቀን ጎረቤቷ እትዬ የሻረግ ከአንጓች መርፌ ተዋሰች። ዓይኗ ጎበጥ ያለ፣ አንጓች ከእናቷ የወረሰቻት መርፌ ነበረች። እትዬ የሻረግ ሰፋችባትና ከወንዙ ዳር ያለ ረግረግ ውስጥ ወረወረቻት። አንጓች መልሺልኝ ብትላት፣ «ኤዲያ! መርፌ ናት። ለመርፌ ደግሞ ማን ያለቅሳል?» አለቻት። አንጓችም አዝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከስንት ዓመት በኋላ ከዚያ ከረግረጉ በኩል ጭራቅ መጣ!

እግዚኦ! ቁመቱ ዋርካ ያክላል። ገላው ሁሉ ቀይ ቅርፊት ነው። እፍ ሲል ማረሻው ዛገ። እፍ ሲል ማጭዱ ዛገ። እፍ ሲል የበሩ ማጠፊያ ዛገና በሩ ተገንጥሎ ወደቀ። ሰዉ ግልብጥ ብሎ ጫካ ገባ። ጭራቁ ትብለጥን አፈፍ አድርጎ የብረት ሳጥን ውስጥ ቆለፈባት፤ ለእራቱ ሊበላት። አንጓች ብቻ ልጇን ትታ አልሸሸችም።

እራት ሰዓት ደረሰ። ቁልፉን ቢያዞረው አይዞርም። ቢጎትተው፣ ቢነቀንቀው፣ እምቢ! ለካ በገዛ ትንፋሹ አዝጎት ኖሯል። እናንተ ሳቁ፣ ሳቁ፤ አንጓች ግን አልሳቀችም።

«አንቺ ወልዋይ!» ብሎ ጮኸባት። «ይህን ቁልፍ አጽጂና ክፈቺልኝ። ልጅሽን ልብላት!»

አንጓች ክው አለች። ብትከፍተው ልጇ ትበላለች። ባትከፍተው ልጇ እዚያው ታፍና ትሞታለች። ከሳጥኑ ውስጥ «እማዬ!» የሚል ድምፅ ይሰማል።

የቁልፉን ሆድ ዕቃ በጉጠት ፈታታችው። ጥቃቅን ብረቶች ናቸው፤ ምላሱ፣ ጥርሱ፣ ሞላው። ሁሉም ዝገት በዝገት ሆነዋል። በጨርቅ እንዳትፈትጋቸው ጣት አይገባባቸውም። እነሱ ካልጸዱ ደግሞ መወርወሪያው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በመዳፏ ይዛቸው እያለቀሰች ወደ ወንዝ ወረደች።

መንገድ ላይ እበት የምታንከባልል ጢንዚዛ በጀርባዋ ተገልብጣ ትፍጨረጨራለች። አንጓች እንባዋን እየጠረገች ቀና አደረገቻት።

«እግዜር ይስጥሽ» አለች ጢንዚዛዋ።

አንጓች ደንግጣ ቁጭ አለች። እናንተስ ጢንዚዛ ብታናግራችሁ አትደነግጡም?

«ብረቶቹን ወተት የምትንጪበት ቅል ውስጥ ጨምሪያቸው» አለች ጢንዚዛዋ። «ማንከባለሉን ለእኔ ተዪው። እኔ ከማንከባለል ሌላ ምን አውቃለሁ!»

አንጓች ሮጣ ቅሉንና ፉርሽካ ከቤቷ አመጣች፤ ብረቶቹንም ቅሉ ውስጥ ከተተች። መጀመሪያ ጠጠርና ውሃ ጨመሩበት። ጢንዚዛዋ በኋላ እግሯ ገፋችው፤ ቅሉ ተንከባለለ። ኳ ኳ ኳ! ቢከፍቱት ወፍራሙ ዝገት ተልጧል። ቀጥሎ አሸዋ ጨመሩበት። ሽው ሽው ሽው! ቢከፍቱት ሸካራው ለስልሷል። ሦስተኛ ብረቶቹን አደራርቀው ፉርሽካ ጨመሩበት። እሽ እሽ እሽ! ቢከፍቱት፣ ጉድ በሉ! እያንዳንዷ ብረት እንደ መስታወት ታበራለች።

አንጓች ጢንዚዛዋንና ቅሉን ይዛ ተመለሰች፤ ብረቶቹን በመዳፏ አድርጋ ዘረጋችለት። «ጌታዬ፣ ትንፋሽዎን ይያዙና ይመልከቱ» አለችው።

ጭራቁ ጉንጩን ነፍቶ ጎንበስ አለ። ከዚያ በፊት የራሱን ፊት አይቶ አያውቅም፤ የቀረበው ብረት ሁሉ ይዝጋላ! አሁን ግን ከትንሿ ብረት ውስጥ አንድ ቅርፊታም ቀይ ፊት አፈጠጠበት።

«ዋይ!» ብሎ በጀርባው ወደቀ። መሬቷ ተንቀጠቀጠች። አንጓች ቶሎ ብላ ብረቶቹን በቀሚሷ ሸፈነቻቸው።

«ማነው ይሄ አስቀያሚ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ።»

ጭራቁ መጀመሪያ አለቀሰ። ቀጥሎ ተቆጣ። «እኔንም እንደነሱ አብሪኝ! አሁኑኑ! እራቴን አምሬ ነው የምበላው።»

አንጓችም እውነቱን ነገረችው። «ጌታዬ፣ ውልወላ ዝገትን ይበላል። ከሥሩ ብረት ያለው ያበራል። ዝገት ብቻ የሆነ ግን ምንም አይተርፈው።»

«እኔ ከእግር እስከ ራሴ ብረት ነኝ!» አለ ጭራቁ።

ጢንዚዛዋ ቅሉን ሦስት ጊዜ ዞረችው። ቅሉ አፉን ከፈተ። ሰፋ፣ ሰፋ፣ ሰፋና ጎጆ አከለ! ጭራቁም እየተጎማለለ ገባ።

በጠጠሩ ተንከባለለ። «ወይኔ ትከሻዬ!» እያለ አጓራ። በአሸዋው ተንከባለለ። «ወይኔ ወገቤ!» ሲል ድምፁ እንደ ፍየል ግልገል ቀጥኗል። በፉርሽካው ተንከባለለ። አሁን ጩኸት የለም። ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ቅጭል፣ ቅጭል ይላል።

ሰዉ ከጫካ ወጥቶ ከበበ። አንጓች ቅሉን ገለበጠችው። ቀይ አቧራ ወረደ፣ ወረደ፣ ክምር ሆነ። ጭራቅ የለም! በመጨረሻ አንዲት ነገር ከክምሩ ላይ ጠብ አለች።

መርፌ! ዓይኗ ጎበጥ ያለ መርፌ!

እትዬ የሻረግ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ጉዴ ፈላ! እኔ የጣልኳት መርፌ!» ብላ መሬት ላይ ዘፍ አለች። ያቺ መርፌ ረግረጉ ውስጥ ፈላጊ አጥታ፣ ዝገት በዝገት ላይ ስትደርብ ኖራ ነው ጭራቅ ያከለችው።

አንጓች ወደ ሳጥኑ ሮጠች። ብረቶቹን በየቦታቸው መለሰች፤ ቁልፉን አዞረች። ቀጭ! ትብለጥ ወጥታ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ጭራቁ ሲይዛት ቀሚሷ ተቀዶ ነበር። አንጓች ያቺኑ መርፌ አንስታ ሰፋችላት።

እትዬ የሻረግም ከዚያ ወዲያ መርፌ ስትዋስ ወልውላ፣ በሁለት እጇ ነው የምትመልሰው።

ልጆቼ፣ ዝገት መርፌ ላይ ሳለ ይወለወላል። ትንሽ ነው ብለው የተዉት በደል ግን አድጎ ይመጣና ባለቤቱን ያስደነግጣል።

ተረቴን መልሱ፤ የተዋሳችሁትንም መርፌ አትርሱ።