ቀይዋ መኪናና ናፍጣ የነካው ጨርቅ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ወልደሰንበት፣ የይርዳው ጥያቄ ገና አፉ ላይ ሳለ።

ይርዳው ከታላቅ እህቱ ጋር በአባታቸው ቤት የተነሳ ተጣልቶ፣ ሦስት ጊዜ በሽማግሌ የታረቀ፣ ሦስት ጊዜም መልሶ የተኳረፈ ሰው ነው። «መምህር፣ በታረቅን ቁጥር ተቃቅፈን፣ ተሳስመን፣ አብረን በልተን እንለያያለን። ወር አይሞላም፣ ከበፊቱ ብሰን ቁጭ! ፍቅራችን ሞቷል ማለት ነው?» ብሎ ነበር የጠየቃቸው። መምህሩ እንባ አባሽ ነገር አይሆንላቸውም። ወንበር በእጃቸው አሳዩትና ቀጠሉ።

ሰውየው ሹፌር ነበር። አንዲት ቀይ መኪና አለችው፤ ልጁን ከተወለደበት ሆስፒታል ታቅፎ ወደ ቤት ያመጣባት፣ በኋላም ትምህርት ቤት ያመላለሰባት። እንዴት እንደሚወዳት አትጠይቀኝ። ሚስቱ «ከእኔ ፊት ይልቅ የእሷን ታያለህ» ትለው ነበር፤ ውሸቷን አልነበረም።

ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመውጣቱ በፊት ደረቅ ጨርቅ ይዞ አቧራዋን ክብ ክብ እያደረገ ያሻታል። ውሃ አያስነካትም፣ ውሃ ጊዜ ይፈጃላ! የበዓል ዋዜማ ሲሆን ደግሞ ጨርቁን ናፍጣ ነካ ያደርግና ከነአቧራዋ ይወለውላታል። ታዲያ ምን ልበልህ፣ ታበራለች! እንኳን አደረሳችሁ ሊል የመጣ ጎረቤት ፊቱን ያይባታል። ከሰዓት በኋላ ግን የመንገዱ አቧራ ሁሉ ናፍጣው ላይ ይለጠፋል፤ በማግስቱም ያንኑ አቧራ በዚያው ጨርቅ መልሶ ይፈጭባታል። እሱ ብቻ እንዳይመስልህ፤ የሰፈሩ ሹፌር በሙሉ እንደዚያው ነበር የሚያደርገው።

ዓመታት ሄዱ። ቀይነቷ ወደ ሮዝ፣ ሮዙም ኖራ የተነሰነሰበት ወደሚመስል ነገር ተለወጠ። እሱ በየቀኑ ስለሚያያት አልታወቀውም። ያየለት የልጁ ሚዜ ነው።

ልጁ ሊያገባ ነበር። አባትየው ደግሞ ልጁ ገና ሲድህ ጀምሮ በሆዱ የያዘው አንድ ነገር አለ፤ ሙሽሪትን ከአባቷ ቤት የሚያመጣት በዚህች መኪና፣ መሪውን ራሱ ይዞ ነው። ሰርጉ አሥር ቀን ሲቀረው ሚዜዎቹ ለአጀቡ የሚሆኑትን መኪኖች ሊያዩ መጡ። ዋናው ሚዜ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና ጣቱን ኮፈኗ ላይ አሳለፈ። ጣቱ ዱቄት ይዞ ተነሳ።

«ጋሼ፣ አይክፋዎትና ይቺ ከኋላ ትከተለን» አለው። «ለሙሽሮቹ ነጭ መኪና እንከራያለን። መቼም ቪዲዮ አለ፣ ፎቶ አለ።»

ሹፌሩ ልጁን አየው። ልጁ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበር አድርጎ «አባዬ፣ አንተም እኮ አረፍ ትላለህ» አለ። ከሚዜው ንግግር ይልቅ ይህቺ አንጀቱን ቆረጠችው። እሺ ብሎ ወደ ቤት ገባ፤ ምሳም አልበላ።

በማግስቱ መኪናዋን ይዞ ጋራዥ፣ አንድ አዛውንት ቀለም ቀቢ ዘንድ ሄደ። «አባቴ፣ ሙሉ በሙሉ ይቀቡልኝ። ዘጠኝ ቀን ነው ያለኝ» አላቸው።

አዛውንቱ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። ጎንበስ ብለው ኮፈኗን ከብርሃን አንጻር ሲያዩ ቆዩ።

«ማን ነው እንደዚህ የጎዳት?»

«ፀሐይ ነዋ! ሃያ ስድስት ዓመት ደጅ ቆማ!»

«ፀሐይስ የድርሻዋን ወስዳለች። ግን ፀሐይ ክብ ክብ እያደረገች አትጭርም።»

ሹፌሩም ጎንበስ ብሎ አየ። እውነትም ኮፈኗ ላይ ከፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች ክብ ክብ ሠርተው ተደራርበዋል። ቀኝ እጁ ጠዋት ጠዋት የሚዞረው ልክ በዚያ ስፋት ነው። ፊቱ በእፍረት ጋለ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በፍቅር ሲያሻት የኖረው በአሸዋ ኖሯል። በእጁ የያዘውን ጨርቅ ኪሱ ውስጥ ጠቀጠቀው።

«አልቀባትም» አሉ አዛውንቱ።

«ምነው አባቴ?»

«ቀለሟ አልሞተማ! የላይኛው ሞቶ የታችኛውን ሸፈነው እንጂ። ደግሞስ ብቀባልህ፣ በዚያ ጨርቅህ ዓመት ሳይሞላት መልሰህ ትገላታለህ። ይልቅ ቤትህ ወስደህ እጠባት። መጀመሪያ ውሃ፣ በብዙው! እጅህ ሳይነካት አቧራው ራሱ ይውረድ። ከዚያ ለስለስ ያለ ሳሙና፣ ከጣሪያዋ ወደ ታች። አንዱ ባልዲ ለሳሙናው፣ ሌላው ጨርቅህን ለምታለቀልቅበት። ፀሐይ ላይ እንዳታደርገው። ጠርታ ከደረቀች በኋላ የመኪና ፖሊሽ በጨርቅ በትንሽ በትንሹ እሻት። ጨርቁ ይቀላብሃል፤ ያኔ እጅህን እንዳትሰበስብ፣ የሚወጣው የሞተው ነው። ስትጨርስ ሰም ቀብተህ ከልላት።»

በዚያ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ሚስቱ ለሰርጉ ብላ በርሜሉን ሁሉ ሞልታ ነበር። ባሏ ከመጀመሪያው በርሜል በባልዲ እየቀዳ መኪናዋ ላይ ሲያወርደው ብታይ ጮኸች።

«የሰርጉን ውሃ! አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ?»

«ለሰርጉ እኮ ነው» አለ፤ እጁን ግን አላቆመም።

የሚወርደው ውሃ ጭቃ ነበር። ይኸ ሁሉ እላይዋ ላይ ነበረ ማለት ነው እያለ በሳሙና አጠባት፤ አለቀለቃት፣ አደረቃትም። ጠርታ ስትታይ ደግሞ ከበፊቱ ባሰች። አቧራው ሸፍኖላት የነበረው ጭረት ሁሉ ገሃድ ወጣ።

ከዚያ ፖሊሹን በጨርቅ ጫፍ ነካ አድርጎ ኮፈኗ ላይ መዳፍ በምታክል ቦታ ማሻሸት ጀመረ። ጥቂት እንዳሻሸ ጨርቁ ቀላ። አሻሸ፣ ይበልጥ ቀላ። ሚስቱ ያን ጨርቅ ስታይ እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ልጠህ ልትጨርሳት ነው! እንኳን ከፊት ልትሄድ ከኋላም አታስከትላት! ተው ብያለሁ!»

ተነግሮት ነበር፤ ግን መስማትና ማየት አንድ አይደለም። አዛውንቱ ተሳስተው ከሆነ፣ ለልጁ ሰርግ ያሰባት መኪና በገዛ እጁ መላጣ ልትሆን ነው። እጁ ከኮፈኗ ላይ ተነሳ፣ አየር ላይ ቆመ። አየህ፣ ነገሩ ሁሉ የተቆረጠው እዚህች ላይ ነው። እጁን መልሶ አሳረፈና ማሻሸቱን ቀጠለ። ሚስቱ እየጮኸች፣ ጨርቁ እየቀላ፣ እሱ ቀጠለ።

ንጹሕ ጨርቅ አንስቶ ቦታውን ጠረገው።

ቀይ ነበር! የበሰለ በርበሬ የመሰለ፣ መኪናዋን በወጣትነቱ መጀመሪያ ያያት ቀን ልቡን የወሰደው ያ ቀይ! ከሥሩ ኖሯል፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያው ቁጭ ብሎ ኖሯል። ሚስቱ አፏን ይዛ ጠጋ አለች፤ ጎንበስ አለች፤ የራሷን ፊት ውስጡ አየችው። ከዚያ ሰርግ ሳይደርስ እልልታዋን አቀለጠችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ «ወዲያ በል፣ በሮቹን ለእኔ ተውልኝ!» ብላ ጨርቅ አነሳች።

አራት ቀን ፈጀባቸው። በአምስተኛው ሰሙን ቀቡ።

በሰርጉ ዕለት ጠዋት ዋናው ሚዜ ሪባኑን ተሸክሞ ግቢ ገባና ቀጥ ብሎ ቀረ።

«ጋሼ፣ አዲስ ገዙ እንዴ?»

«የለም።»

«አስቀቧት?»

«አጠብኳት» አለ ሹፌሩ። ከዚህ የበለጠ ቃል አልጨመረለትም፤ ምን ይጨምርለታል! አንድ የሰፈር ሹፌር ለማሳመር ብሎ ናፍጣ የነካ ጨርቁን ይዞ ጠጋ ሲል ግን «እጅህን!» ብሎ ሲጮህበት ግቢው ሁሉ ዞሮ አየ።

ሙሽራው ከቤት ወጣ። መኪናዋን አየ፣ አባቱን አየ፣ መልሶ መኪናዋን አየ። ነጩ መኪና ሞተሩን አስነስቶ በር ላይ ይጠብቀዋል። ልጁ ግን ወደ ቀይዋ ሄደ፤ የሹፌሩን በር በገዛ እጁ ከፈተና «አባዬ፣ ግባ። ያለ አንተ የሚነዳኝ የለም» አለ። ነጩ መኪና ከኋላ ተከተለ። መንገድ ላይ ካፊያ ጣለባቸው፤ ጠብታው ሰሙ ላይ እየተንከባለለ ረገፈ፣ አንዱም አልያዛትም። ሙሽሪት ደጅ ሲደርሱ ከበሮው ሲመታ፣ ሴቶቹ እልል ሲሉ፣ ሹፌሩ መሪውን እንደያዘ በደስታ አለቀሰ። ከአሥር ቀን በፊት የነገረው ሰው ቢኖር አያምንም ነበር።

መምህሩ ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱና ወደ ይርዳው ዞሩ።

«እንግዲህ ስማኝ፣ ይርዳው። ያቺ መኪና አንተና እህትህ ናችሁ። ሽማግሌዎቹ በጠሯችሁ ቁጥር ምን አሏችሁ? ያለፈው አለፈ፣ ተሳሳሙ፣ እርሱት! ማን ምን እንዳደረገ፣ ማን የት ላይ እንደቆሰለ አንድም ሰው አልጠየቃችሁም። ከነአቧራችሁ ናፍጣ ቀቧችሁ። ለዚያች ቀን አበራችሁ፤ በማግስቱ ያልታጠበው ሁሉ መልሶ ፈጫችሁ። እናንተ የተጫጫራችሁት በጠባችሁ አይደለም፣ በእርቃችሁ ነው!»

ይርዳው አንገቱን ደፋ።

«ቀና በል! ለቅሶ ቤት አይደለህም። አሁን ሂድና ብቻዋን አግኛት። መጀመሪያ እሷ ትናገር፤ መሃል ገብተህ አትከራከራት፣ በብዙው ይፍሰስ። ከዚያ የአንተን ለስለስ አድርገህ ንገራት። እያወራችሁ ታለቅሳለች፣ አንተም ታለቅሳለህ፤ ነገሩ ከበፊቱ የባሰ ይመስልሃል። ሰው ሁሉ ‹በቃ፣ ይቅር› የሚለው እዚያ ላይ ነው። እዚያ ላይ እጅህን እንዳትሰበስብ፤ ጨርቁን ያቀላው የሞተው ነው። ከሥሩ ያለውን እኔ አውቀዋለሁ፤ እህትህ ትምህርት ቤት በእጇ ይዛህ ስትመጣ አይቻለሁ። ፍቅራችን ሞቷል ወይ ነው ያልከኝ? አልሞተም። ታጥቦ አያውቅም እንጂ። ተነስ፣ ሂድ!»